ስም ስለሌላቸው የሳይደር ዱቄቶች የቀረበ ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ገንዘብ እንዲመለስልኝና መመሪያው እንዲታረም ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

«ለጀማሪዎች» ብላችሁ የምትሸጡትን የፖም ሳይደር (ከፖም ጭማቂ የሚጠመቅ የአልኮል መጠጥ) መሥሪያ በአውቶቡስ ጎንደር ድረስ አስልኬ ተረክቤያለሁ። ሳጥኑ ላይ እርሾ፣ የእርሾ ምግብ፣ ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይትና ፖታሲየም ሶርቤት ይላል። ውስጡ ያሉት ግን በእስክሪብቶ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የተባሉ የላስቲክ ከረጢቶች ናቸው። ስም የለ፣ ክብደት የለ፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የለ። እርሾው በቀለሙ ይለያል እንበል። ሦስቱ ግን ነጫጭ ናቸው። ጠላ ስንጠምቅ ጌሾና ብቅል ላይ ማንም ስም አይጽፍልንም፤ በዓይን ይለያላ! ነጭ ዱቄትን በምን ልለየው?

ስደውል ስልኩን ያነሳው ልጅ «ሁሉንም አንድ ላይ ይጨምሩት፣ እርሾ እንደሆነ ሁሉም አንድ ነው» አለኝ። አብሮ የመጣው ወረቀትም ሁሉንም በመጀመሪያው ቀን ጨምሩ ይላል። ዋናው ቅሬታዬ ይሄ ነው።

ፖታሲየም ሶርቤት እርሾ እንዳይራባ የሚያደርግ ነገር ነው። የሚገባው ሳይደሩ በእርሾው ፈልቶ ካበቃና ከአተላው ከተለየ በኋላ፣ ስኳር ሊጨመርበት ሲል ነው። ከእርሾው እኩል ከገባ ጭማቂው እንዴት ይነሳል? ሜታባይሰልፋይት ደግሞ ቀድሞ ይገባል። ጭማቂው ውስጥ ያለውን ያልተፈለገ እርሾና ባክቴሪያ ያዳክማል፤ የራሳችን እርሾ የሚጨመረው ከ24 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ሜታባይሰልፋይት አስም ሊቀሰቅስ ይችላል። እናቴ አስም አለባት። የትኛው ከረጢት እንደሆነ ሳላውቅ አልነካውም።

የልጁን አባባልም አልቀበልም። የዳቦ እርሾም ያፈላል፣ አልካድኩም። ግን እንደ ወይን እርሾ ጥሩ አድርጎ አይዘቅጥም፤ የዳቦ ጣዕምም ሊተው ይችላል። ኢሲ-1118 የሚባለው የወይን እርሾ በ5 ግራም ፓኬት ይመጣል፤ እስከ 23 ሊትር ይበቃል፤ ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሠራል። የጎንደር ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ዲግሪውን ማወቅ አለብኝ። የእናንተው ምን ዓይነት ነው? የእርሾ ምግቡስ ለስንት ሊትር ነው? የፖም ጭማቂ ናይትሮጅን ብዙም የለውም፤ እርሾው ምግብ ሲያጥረው የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ሊያመጣ ይችላል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ የዕቃውንና የማጓጓዣውን ገንዘብ መልሱልኝ። ወይም ፋብሪካው እንዳሸገው፣ ስሙና ቀኑ የተጻፈበትን ላኩልኝ። ወረቀቱ ግን በሁለቱም መንገድ መታረም አለበት፤ ከዚህ በፊት የገዙትም ሰዎች ይነገራቸው።

ከረጢቶቹ ሳይከፈቱ እኔ ዘንድ አሉ። አድራሻ ስትሰጡኝ እመልሳለሁ። ለሳይደሩ ብዬ የገዛሁትን የፖም ጭማቂ ልጆቹ ጠጥተው ጨርሰውታል፤ የእሱን ሂሳብ አልጠይቃችሁም።

የደረሰኙንና የወረቀቱን ፎቶ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ጎንደር