ከአስትሮይዱ ዜና ግማሹ አልደረሰንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በየካቲት 2017 ዓ.ም. አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ስልኩን ይዞ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። በስክሪኑ ላይ የዓለም ካርታ ይታያል፤ ከፓስፊክ ምሥራቃዊ ክፍል ተነሥቶ ደቡብ አሜሪካንና አፍሪካን አቋርጦ እስከ ደቡብ እስያ የሚዘልቅ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል፤ ከሥሩ ኢትዮጵያም እንዳለችበት ተጽፏል። «ቲቸር፣ የምር ነው?» አለኝ።

አስትሮይድ፣ ማለትም በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር ዐለት፣ ሊወድቅባቸው የሚችሉ ቦታዎችን የሚያሳየው ይህ መስመር ሐሰት አልነበረም። 2024 ዋይአር4 የተባለውና 60 ሜትር ገደማ ስፋት እንዳለው የሚገመተው አስትሮይድ ቺሊ ውስጥ በሚገኝ ቴሌስኮፕ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከታየ በኋላ፣ በታኅሣሥ 13 ቀን 2025 ዓ.ም. ከምድር ጋር የመጋጨት ዕድሉ ከፍ እያለ ሄዶ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. 3.1 በመቶ ደረሰ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ከ0.01 በመቶ በታች ወረደ። የመጀመሪያውን ዜና ያልሰማ አልነበረም፤ ሁለተኛውን የሰማነው ግን ጥቂቶች ነን፤ ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም ይኸው ነው።

ቁጥሩ ወጥቶ መውረዱ አንዳንዱን «ደበቁን» አሰኝቷል፤ ነገሩ ግን የስሌቱ ጠባይ ነው። በዚያን ዕለት ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሰፊ መንገድ፣ በውስጡም አንዲት ትንሽ ክብ ሣልሁ። መንገዱ አስትሮይዱ ሊያልፍባቸው የሚችሉ ቦታዎች ሁሉ ነው፤ ክቧ ምድር ናት። አዲስ ምልከታ ሲገኝ እንደሚሆነው መንገዱን ከዳርና ከዳር በዳስተር እየጠረግሁ ሳጠበው፣ ክቧ ከቦታዋ ስላልተነቃነቀች ከመንገዱ የምትይዘው ድርሻ ይጨምራል፤ ስጋቱም ያደገ ይመስላል። በመጨረሻው ጠረጋ ክቧ ከመንገዱ ውጪ ስትቀር ቁጥሩ ባንዴ ይወድቃል። አፖፊስ የተባለው አስትሮይድም በተገኘ በወራት ውስጥ በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. 2.7 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በተደረገ የራዳር ምልከታ ቢያንስ ለ100 ዓመት እንደማያሰጋን ተረጋግጧል።

ይህን ስል ጉዳዩን ለማቃለል አይደለም። መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሱዳን ሰማይ ላይ የፈነዳው 4 ሜትር ገደማ የሆነ አስትሮይድ የታየው ከመውደቁ 20 ሰዓት ገደማ ብቻ ቀድሞ ነው፤ ስብርባሪውን የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በረሃ ለበረሃ ተሰልፈው ለቅመዋል። የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በሩሲያዋ ቼልያቢንስክ ላይ የፈነዳው ደግሞ ስፋቱ 20 ሜትር ቢሆን ነው፤ ሆኖም 1,500 ያህል ሰው ተጎድቷል። አብዛኛውን ሰው ያቆሰለው ዐለቱ ሳይሆን የመስኮት መስታወት ነው፤ ብልጭታውን ያየ ሁሉ ምን እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮት ሲሄድ፣ ዘግይቶ የደረሰው የአየር ግፊት መስታወቱን ፊቱ ላይ አረገፈው።

አሁን አፖፊስ ራሱ እየመጣ ነው። ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ለ7 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ፣ ከምድር ገጽ በ32,000 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ማለትም የቤታችን ዲሽ ከሚያነጣጥርባቸው ሳተላይቶች እንኳ ቀርቦ ያልፋል። በዚያች ምሽት ከአፍሪካም ሆኖ ያለ መሣሪያ ሊታይ ስለሚችል፣ ወሬው ከዛሬው እጅግ እንደሚበዛ አልጠራጠርም። ስለዚህ የግጭት ዕድል የሚገልጽ ቁጥር ስታትሙ የተሰላበትን ቀን አብራችሁ እንድትጽፉ፣ ቁጥሩ ሲወርድም ሲወጣ በሰጣችሁት ገጽና በዚያው መጠን እንድትዘግቡት፣ እንጦጦ ባለው የኅዋ መመልከቻ የሚሠሩ ባለሙያዎችንም ቀድማችሁ እንድታነጋግሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቦታ ከተረፋችሁም፣ በሰማይ ኃይለኛ ብልጭታ ያየ ሰው ከመስኮት እንዲርቅ የሚያሳስብ አንድ መስመር ጨምሩበት።

አንድ የፊዚክስ መምህር
ደብረ ብርሃን