የውለታ ገጽ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በደሴም በኮምቦልቻም ቤተሰብ ታሞበት ሱቅ የሚጠብቅ ብዙ ነው። ሱቁን የሚያስዘጋው የሕክምናው ወጪ ብቻ አይደለም፤ የመድኃኒት ገንዘብ ሳይመዘገብ ከመሳቢያ ሲወጣ የዕቃ መተኪያው ሳይታወቅ ያልቃል። ስለዚህ ማታ ሽያጩ እንደተቆጠረ መጀመሪያ የዕቃ መግዣው ይለይ፣ ለሕክምና የወጣው በሌላ ገጽ ይጻፍ። የዕቁቡን ዳኛም ቀድሞ ማማከር ነው፤ ዕጣ የሚለቅ ሰው አይጠፋም። የጤና መድን ደብተር ይታደስ፤ ያለ ጤና ጣቢያ ሪፈር ወረቀት ሆስፒታል መሄድ ወጪውን ከኪስ ሊያስከፍል ይችላል።

ከሁሉ በላይ የምንለምነው፣ ከዱቤ ደብተሩ ጀርባ የውለታ ገጽ ይኑር፦ ሱቅ የጠበቀ፣ እንጀራ ያመጣች፣ ሌሊት ያስታመመ፣ ወዳጃ (የጸሎት ስብስብ) ተቀምጦ ዱአ ያደረገ፣ ጸበል ያደረሰ፤ ስሙና ቀኑ። ጭንቀት የሰው ውለታ ያስረሳልና። በሽተኛው ሲሻለው ያንን ገጽ ገልጦ፣ ቡና አፍልቶ፣ አንድም ሳይቀር መጥራት ነው።

አንባቢዎቻችሁ፣ ከደሴ