የአንጋፋ ሠራተኞች ጭንቀትም የሥራ ቦታ አደጋ ነው፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የሥራና ክህሎት ሚኒስትር፤

በአንድ ፋብሪካ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ጡረታቸው ስለተቃረበ ሠራተኞች ነው።

የሚያመጡልኝ የሐኪም ወረቀት ጨጓራ፣ ደም ግፊት፣ ራስ ምታት ይላል። በር ዘግተው ሲያጫውቱኝ ግን የሚነግሩኝ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጡ ማደራቸውን ነው። “አማኑኤል ይመላለሳል” መባልን ስለሚፈሩ ጭንቀት ተብሎ እንዲጻፍባቸው አይፈልጉም።

ጋሼ የምንላቸው አንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ አሉን። የስቶክ ካርዱ ወደ ኮምፒውተር ከዞረ ወዲህ ያንኑ መደርደሪያ ደጋግመው ይቆጥራሉ፤ የቆጠሩትን አያምኑም። ገቢ ደረሰኝ ላይ ሊፈርሙ እስክሪብቶ አንስተው መልሰው ያስቀምጣሉ። እስከዚያ መለዋወጫ የሚጠብቀው ማሽን ቆሞ ይውላል። ከሥራ ቀርተው ስለማያውቁ በእኛ መዝገብ ጤነኛ ናቸው።

ለምን አያርፉም? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ልጅ የሚያስተምር ሰው በግማሽ ደመወዝ የቤት ኪራይ ከፍሎ ምን ይተርፈዋል? ጡረታም የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደመወዝ ነው። በዚያ ሰዓት “አልቻለም” ተብሎ ዝቅ ወዳለ መደብ መዛወር እስከ ዕለተ ሞት የሚከተል ጉዳት ስለሆነ ዝም ይላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በድባቴና በጭንቀት ሳቢያ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን ያህል የሥራ ቀናት እንደሚባክኑ ይገምታል። የእኛ አገር ድርሻ ግን ከጨጓራና ከግፊት ሥር ተቀብሮ በፋብሪካችን መዝገብ እንኳ አይታይም።

አዲስ ሕግ አልጠይቅም። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 92 የሥራው ሂደት ለሥነ ልቦናዊ ጉዳትም ምክንያት እንዳይሆን አሠሪው እንዲጠነቀቅ ያስገድዳል። እኛ ዘንድ የመጡ ተቆጣጣሪዎች የጠየቁት ግን ስለ ጓንት፣ ስለ ሄልሜትና ስለ እሳት ማጥፊያ ብቻ ነው፤ ያም ተገቢ ነው። ተቆጣጣሪዎቻችሁ በሚይዙት ቅጽ ላይ አሠራር ሲቀየር አንጋፋው ሠራተኛ በቂ ሥልጠናና ጊዜ ማግኘቱን የሚጠይቅ መስመር ይጨመርልን። ጭንቀቱን የተናገረ ሠራተኛም በዚያ ምክንያት ከመደቡ እንዳይነሳ ለአሠሪዎች በጽሑፍ መመሪያ ይውረድ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ