ዘንድሮስ እንገናኝ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከረምክ? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኛ ተመስገን፣ ደህና ነን። ሥራውም ልጅ ማሳደጉም ተደራርቦ ዝም አሰኘን እንጂ ሳላስብህ ቀርቼ አይደለም።

ዛሬ ስለ ልጄ ላጫውትህ ነው። ቤት ውስጥ በአማርኛ ስናወራው በእንግሊዝኛ እንደሚመልስልን ታውቃለህ። ባለፈው የጁላይ 4 ሳምንት በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽናችን የእግር ኳስ ውድድር ላይ በፈቃደኝነት ሊያግዝ ተመዘገበና በር ላይ አቆሙት። ወንበር የሚፈልጉ እናቶች፣ የልጅ ልጃቸው የጠፋባቸው አባቶች ወደሱ ይመጣሉ፤ እንግሊዝኛ የለም። አፉን ፈታ! «እማማ፣ በዚህ በኩል ይምጡ» ሲል ሰማሁት። አንቱታውን ሳይስት! ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርህ።

ልጁን ኢትዮጵያዊ ያደረገው የተሰጠው ኃላፊነት ነው ብዬ አምናለሁ። ቲኬት ቆርጦ ቢገባ ኖሮ ስልኩን እያየ ይወጣ ነበር።

ውድድሩ በፈረንጆቹ 1984 ሂውስተን ላይ በ4 ቡድኖች ሲጀመርም በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ነው። ዛሬ ከ30 በላይ ቡድኖች አሉ፤ ከተማው በየዓመቱ ይቀያየራል። የሜዳ ኪራይ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ዳኛ አለ። ይህን ሁሉ የሚያስተባብሩት ግን ያለ ደመወዝ ነው። እዚህ የማውቀው አንዱ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ እሁድ ጠዋት ልምምድ ላይ መረብ ይሰቅላል።

በፈረንጆቹ 2012 ትዝ ይልሃል? በአንድ ሳምንት ሁለት ውድድር ተዘጋጅቶ ሁለት ቦታ ተከፍለን፣ ግማሹ ዳላስ ግማሹ ዋሽንግተን ዲሲ። አበቃለት ያልን ብዙ ነበርን። በዓመቱ ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ላይ 30ኛ ዓመቱ ሲከበር ያን ሁሉ ሕዝብ አየን። ሰው ውድድሩን የራሱ አድርጎ ባይዘው ኖሮ ያኔ ያልቅለት ነበር። አርብ የኢትዮጵያ ቀን ሲከበርማ ስንቱ የጠፋ ወዳጅ እንደሚገናኝ! ሥራ የሚያገኝ አለ፣ ተጋብቶ የወለደም አለ።

የሚያሳስበኝ ሸክሙ ነው። ዓመት ዓመት እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናቸው የሚሸከሙት። እየደከሙ ነው፣ ፀጉራቸውም ሸብቷል። ተተኪ ካላገኙ ምን ይሆናል?

ለዚህ ነው አንተን የማስቸግርህ። ሰፈር ሳለን በግራ መስመር እንዳንተ የሚመላለስ አልነበረም። ጉልበትህ ለመጫወት እንቢ ቢልህ እንኳ ሕፃናት ማሠልጠን አያቅትህም። የከተማችሁ ቡድን ልጆችን ቅዳሜ ጠዋት የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል፤ አስተባባሪውን አነጋግሬዋለሁ፣ ይደውልልሃል። ስልኩን አንሳለት፣ አደራ።

ለጁላይ ሆቴል እንዳትይዝ። ቤተሰቡን ይዘህ እኛ ጋ ነው የምታርፈው። ልጄም በር ላይ አብረውት የሚቆሙ ልጆች ይፈልጋል፤ ያንተዎቹን ከወዲሁ አስመዝግባቸው።

በናፍቆት፣
ወንድምህ