ለግል ዓርማ ሥራችን፦ ከቡና ቅጠልና ከኑግ ፍሬ

ውድ አባላት፣

ለዓርማችሁ አንድ ቅርጽ ብቻ ምረጡ፤ አንድ የቡና ቅጠል ይበቃል። ቅጠልና ወፍ አንድ ላይ ከታጨቁ ዓርማው ሲያንስ አይለይም።

ቅጠሉን በጋዜጣ መሃል አድርጋችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ለውጡ፤ አለዚያ ይሻግታል። ሳይደርቅ የተለጠፈ ቅጠል ኋላ ይኮማተራል፣ ጠርዙም ይነሳል። እባካችሁ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

20 በ20 ሳንቲ ሜትር ነጭ ወፍራም ካርቶን ቁረጡ። ኮላውን በቅጠሉ ጀርባ ከመሃል ወደ ጠርዝ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ከበዛ ካርቶኑ ይጣመማል።

የስማችሁን የመጀመሪያ ፊደል በኮላ ጽፋችሁ ኑግ በትኑበት፤ ጥቁር ስለሆነ ከጤፍ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ሲደርቅ ትርፉን አራግፉ። «መ» እና «ወ» የሚጽፉ ፊደሉን ሰፋ ያድርጉት፤ አለዚያ ቀለበቱ በፍሬ ይደፈናል።