«ማን ያነበዋል?» ላልሽኝ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲጽፍ የሚውል ሰው ማታ ለደብዳቤ እጁ አይታዘዝለትም።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ «ስለ ቴሌቪዥን ነጋዴዎች የሚጽፍ ጋዜጣ ደግሞ ማን ያነበዋል?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። አልተቀየምኩሽም፤ ግን መልስ ይገባሻል።

አንባቢዎቻችን ጥቂት ናቸው። ተራው ተመልካች ስማችንንም አያውቅም። የሚያነቡን ፕሮግራም የሚገዙ፣ የሚሸጡና የሚያሠሩ ሰዎች ናቸው። ገዢው ጠዋት ኢሜይላችንን ሲከፍት የሚፈልገው ተፎካካሪው ምን እንደገዛ ማወቅ ነው። ሻጩ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ስም ነው። ጥቂት ይሁኑ እንጂ ገንዘቡ ያለው እነሱ እጅ ነው። ለዚህ ነው ሚሊዮን አንባቢ ሳይኖረን የምንኖረው።

ሥራው አዲስ እንዳይመስልሽ። ቫራይቲ የሚባለው የመዝናኛ ንግድ ጋዜጣ ኒውዮርክ ላይ የተመሠረተው እ.አ.አ. በ1905 ነው፤ ያኔ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር ስለሌለ የሚጽፈው ስለ መድረክ ትርኢት ነበር። ተፎካካሪው ሆሊውድ ሪፖርተር በ1930 መጣ። ዴድላይን በ2006 ኒኪ ፊንክ የምትባል አንዲት ጋዜጠኛ የምትጽፈው የኢንተርኔት ገጽ ሆኖ ተጀመረና ሁለቱን አንጋፋዎች እንቅልፍ ነሳቸው። አሁን ሦስቱም አንድ ጥላ ሥር ናቸው። ፔንስኪ ሚዲያ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ዴድላይንን በ2009፣ ቫራይቲን በ2012 ገዛ፤ ሆሊውድ ሪፖርተርም በ2020 በሽርክና ተጨመረለት። ለዜና መሻማታቸውን አልተዉም፤ ግን የሚሻሙት አንድ ግቢ ውስጥ ነው።

እኛ ያለንበት ሰፈር ከዚህ ያነሰ ነው። ተዋናይ ከማን ጋር ታየ የሚል ዜና የለንም። የቱርክ ድራማ ላቲን አሜሪካ እንዴት ገባ፣ የኮሪያ ውድድር ማን ገዛው፣ የትኛው ጣቢያ በጀቱን ቆረጠ፤ ይኸው ነው ወሬያችን።

የውሎዬን ነገር ላሳይሽ። ጋዜጣዊ መግለጫ ይመጣል። ርዕሱ ለምሳሌ «ድራማችን በ40 አገሮች ተሸጠ» ይላል። ከሥሩ የሥራ አስኪያጁ ቃል አለ፤ ሁልጊዜ «እጅግ ተደስተናል» ነው። ሳይደሰት የሸጠ ሥራ አስኪያጅ እስካሁን አልገጠመኝም። ከዚያ መቁጠር እጀምራለሁ። ከ40ዎቹ ውስጥ ስንቱ በአንድ ውል የተጠቃለለ ነው? በኢንተርኔት የሚያሳይ አንድ ፕላትፎርም ለአንድ ክፍለ ዓለም ሲገዛ፣ በአንድ ፊርማ ብዙ አገር ይቆጠራል። ውሉስ ለስንት ዓመት ነው? ገዢው ብቻውን ነው የሚያሳየው ወይስ ሻጩ ለሌላም ይሸጣል? ዋጋውን ተዪው፤ እሱ አይነገርም። አምና ዝርዝሩ ውስጥ የነበረ ጣቢያ ዘንድሮ ስሙ ከጠፋ ግን ውሉን አላደሰም ማለት ሊሆን ይችላል። እደውላለሁ። «አስተያየት የለንም» ካሉኝ፣ ዜናዬ የቱ ጋ እንዳለ ገባኝ ማለት ነው።

ስትሪሚንግ፣ በኢንተርኔት የማሳየቱ ነገር፣ ሲመጣ ደግሞ ጣጣው በዛ። ድሮ ስንት ሰው አየ የሚለውን የሚለካው ሌላ ወገን ነበር፤ አሁን ሱቁም ሚዛኑም የአንድ ሰው ሆነ። ኔትፍሊክስ በታኅሣሥ 2023 ከ18,000 በላይ የሚሆኑ ሥራዎቹ በግማሽ ዓመት ስንት ሰዓት እንደታዩ ይፋ ሲያደርግ፣ ቢሮው ውስጥ ሥራ የፈታ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ሰንጠረዡ ላይ ተደፋን። ቀጥሎ ደግሞ ከ2025 ጀምሮ የደንበኞቹን ቁጥር በየሩብ ዓመቱ መናገር አቆመ። የመጨረሻው የሩብ ዓመት ቁጥር በ2024 ማብቂያ ላይ ከ301 ሚሊዮን በላይ ነበር። አንዱን በር ከፍቶ ሌላውን ዘጋ።

አሁን ወደሚያሳፍረው ጉዳይ ልምጣ፤ ማን ይከፍለናል? የምንጽፍባቸው ናቸው የሚከፍሉን። ፕሮግራም ሻጭና ገዢ በሚሰበሰብበት የገበያ ሰሞን መጽሔታችን ሽፋን ላይ የምታዪው አዲስ ድራማ ምርጥ ስለሆነ አይደለም እዚያ የወጣው፤ አከፋፋዩ ቦታውን ስለገዛው ነው። በዘርፉ ይህን የማያውቅ የለም። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ድርጅት የሠራተኛ ቅነሳ ጻፍን። ድርጅቱ ማስታወቂያውን ነቅሎ ሄደ፤ ሳንቆይ ሌላ መግለጫ ላከልን፣ «እጅግ ተደስተናል» የሚል። እኛም አወጣነው። እንዲህ ነው የምንኖረው፣ ተኮራርፈን አንቆይም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከማስታወቂያው ይልቅ አሁን የሚያበላው ጉባኤ ነው። ሲ21 ሚዲያ ዜና የሚያወጣ የለንደን ድርጅት ነው፤ ኮንቴንት ለንደን የሚባለውን ትልቅ ስብሰባም የሚያዘጋጀው እሱው ነው። አሜሪካኖቹ ናትፒ የሚሉት የቆየ የፕሮግራም ገበያ በ2022 ኪሳራ ሲያውጅ፣ በማግሥቱ ዓመት የገዛው ብሩኒኮ ነው፤ ኪድስክሪንና ሪልስክሪን የሚባሉትን የዘርፉን መጽሔቶች የሚያሳትመው የካናዳ ድርጅት። ዘጋቢው ገበያውን ገዛው ማለት ነው። ስለ ራስ ገበያ መድመቅና መቀዝቀዝ ማን ደፍሮ ይጽፋል? እኔ እንጃ፣ ይህ ነገር ከሽፋኑ ሽያጭ ይበልጥ ያሳስበኛል።

ገበያው ራሱም ቦታውን እየቀየረ ነው። በ1963 የተጀመረው ሚፕቲቪ የሚባል የፕሮግራም ገበያ በ2024 የጸደይ ወራት የፈረንሳይዋ ካን ከተማ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተካሄደ፤ በ2025 በምትኩ ሚፕ ለንደን ተጀመረ። የእንግሊዝ አከፋፋዮች በየካቲት ለንደን ላይ የራሳቸውን ማሳያ ስለሚያዘጋጁ፣ ገዢው እዚያ ከርሞ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ካን መውረድ ሰለቸው። የጥቅምቱ ገበያ፣ ሚፕኮም፣ ግን ካን ላይ ቀጥሏል።

ደግሞ ሁሉን የምናውቅ እንዳይመስልሽ። ጭምብል አጥልቆ የሚዘፈንበት ውድድር ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በ2015 ተጀመረ። አሜሪካ የገባው በ2019 ነው። ወደዚያ የወሰደው ፕሮዲዩሰር እንደሚለው መጀመሪያ ያየው የታይላንዱን ቅጂ ነው፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ የታይ ምግብ ቤት ተቀምጦ ቴሌቪዥኑ ላይ። ስንቱ ዘጋቢ ያልፈጠረውን ገዢ አንድ እራት ፈጠረው።

ተከታታይ ድራማ ጽፈሽ ለዓለም ገበያ ልታቀርቢ እንደሆነ ከወዳጆቻችን ሰማሁ። እሰይ! ታዲያ ለማስታወቂያ ገንዘብሽን አታባክኚ፤ ለእኛም ቢሆን። መጀመሪያ በሚገባ የሚያከፋፍልልሽ ሰው ፈልጊ። ውሉ ሲመጣ የትኞቹን አገሮች፣ ለስንት ዓመት፣ በቴሌቪዥን ብቻ ወይስ በስትሪሚንግም የሚሉትን መስመር በመስመር አንብቢ። «በዓለም ዙሪያ፣ ለዘላለም» የሚል ካየሽ እስክሪብቶሽን አስቀምጪና ደውዪልኝ። ሃሳብ ብቻውን በሕግ እንደማይጠበቅም አትርሺ፤ ያወራሽውን ሁሉ ጽፈሽ፣ ቀን አስገብተሽ፣ ለማን እንደላክሽው መዝግቢ።

ለሌላ ሰው ከመስጠትሽ በፊት ማጠቃለያዋን ላኪልኝ፤ በዚህ ሳምንት አነባታለሁ።

ናፋቂ ወዳጅሽ