ጃንሜዳ ሽንኩርት ሲራገፍ አባዬ ቤት ተቀመጠ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በቅርቡ ስለ ወረርሽኝ ዝግጅት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ጭምብሉ አለ፣ ሳሙናው አለ፣ ማቆያው አለ፣ የላቦራቶሪው ነገር አለ። ኅዳር 2018 ላይ ማርበርግ የተባለው ገዳይ ቫይረስ ጂንካ ታየ ሲባል የሁላችንም ልብ ድንግጥ ብሎ ስለነበር ጽሑፉ በጊዜው የመጣ ነው። አንድ ነገር ግን ፈልጌ አጣሁበት። ሰው በሽታውን ፈርቶ ቤቱ ሲከተት እግሩንና ጭንቅላቱን ምን ያድርገው? በኮሮና ጊዜ እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። አባቴ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጃንሜዳ አይጠፋም ነበር። አብረውት አምስት ሽማግሌዎች አሉ። ሜዳውን ሁለቴ ይዞራሉ፣ "ሰውነት እናፍታታ" ብለው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ከዚያ ቡና በጤና አዳም። ከስፖርቱ ወሬው ይበዛል እያልን እንስቅባቸው ነበር። አንደኛው ሶምሶማ የሚሮጠው ለፎቶ ብቻ ነው ይባላል። አባዬ ግን አንድ ቀን ከቀረ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጫል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ሰው ተገኘ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ጂም ቤቶች ተዘጉ። ይሄ ሁሉ ገብቶኛል፣ ያኔም አልተቃወምኩም፣ ዛሬም አልቃወምም። ከዚያ ደግሞ ፒያሳ አትክልት ተራ ሰው ተጨናነቀ ተብሎ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። እሱም ምክንያት አለው። አትክልት ተራን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጠዋት ላይ ትከሻ ለትከሻ ሳትጋፉ አንድ ኪሎ ቲማቲም አትገዙም። ሰፊ ሜዳ ተፈለገ፣ ሰፊው ሜዳ ጃንሜዳ ሆነ። አገር አቋራጭ የሚሮጥበት፣ የሰፈር ልጅ ኳስ የሚለምድበት፣ ጥምቀት የሚከበርበት ሜዳ ላይ አይሱዙ እየገባ ሽንኩርት ያራግፍ ጀመር። ክረምቱ ሲመጣ ጭቃው፣ የበሰበሰው ጎመን፣ ሽታው... ይቅር።

በዚያው ሰሞን መስቀል አደባባይም ለግንባታ ታጠረ። ደረጃው ላይ ሽቅብ ቁልቁል ሲሮጥ የነበረው ሕዝብ ወዴት እንደሄደ የጠየቀ ሰው አላየሁም። አስቡት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደሃውም ሀብታሙም ያለ ክፍያ ላብ የሚያወጣባቸው ሁለቱ ትልልቅ ቦታዎች አንድ ላይ ጠፉ፣ ያውም ሰው በጭንቀት ሊፈነዳ በደረሰበት ዓመት!

አባዬ ቤት ተቀመጠ። ሥራው ዜና መጠበቅ ሆነ። "ባለፉት 24 ሰዓታት በተደረገ የላቦራቶሪ ምርመራ" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዟታል፣ ከዜና አንባቢው እኩል ይላታል። ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋል። መጀመሪያ ሳቅን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ምሳ መብላት ተወ። "ጨጓራዬ ነው" አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ ሳሎን ይቀመጣል። ልጆቼ ሲንጫጩ ሲስቅ የነበረ ሰውዬ ሲንኮሻኮሹ መጮህ ጀመረ። ሲተኛ ጊዜ ደግሞ ቀን ነው፣ መጋረጃ ዘግቶ።

እኛ አገር ሰው "ጭንቅላቴን አሞኛል" ሲል ራስ ምታት ነው። ሌላው ሁሉ ጨጓራ ነው፣ ወይ ወገብ፣ ወይ "ልቤን ይጨንቀኛል"። "ድባቴ" (ዲፕሬሽን የሚሉት) የሚለውን ቃል ራሴ የለመድኩት በዚያ ዓመት ሬዲዮ ላይ ነው። "አማኑኤል ሂድ" ማለት፣ የአእምሮ ሆስፒታሉን ማለቴ ነው፣ ስድብ በሆነበት ከተማ አባቴን "ጭንቀት ይሆናል፣ ሐኪም እናናግር" ብለው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እንደገለጸው፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ ጨምሯል። ያን ቁጥር ሳነብ ትዝ ያለኝ ያ የተዘጋ መጋረጃ ነው።

አባዬን ያወጣው ምን እንደሆነ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ቋጣሪነቱ ነው። ታክሲ ግማሽ ሰው ብቻ ይጫን ተብሎ ሒሳቡ እጥፍ ሆኖ ነበር። የጡረታ ደመወዙን የሚያወጣው ፒያሳ ካለ ባንክ ነው። "እኔ ላውጣልህ" ብለው ካርዱን አይሰጥም፣ በታክሲ እንሂድ ብለው "ለአንድ ቂጥ የሁለት ሰው ሒሳብ አልከፍልም!" አለ። እንግዲያው በእግራችን እንሂድ አልኩት። ጭምብላችንን አድርገን ከፈረንሳይ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ፒያሳ። ሁለቴ አረፍን። መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። ስንመለስ ግን ያቺን ሽሮ ጥርግ አድርጎ በላ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተኛ፣ ሌሊት አልተነሳም። እኔ ተነስቼ ሁለቴ አየሁት፣ መተንፈሱን ለማረጋገጥ።

ከዚያ በኋላ አላቆምንም። በሳምንት አራት ቀን፣ አርባ አርባ ደቂቃ። ኅዳር 2013 (በፈረንጆቹ 2020) የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ብሎ መመሪያ ሲያወጣ ደምሬ አየሁት፣ የኛ 160 ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደስ ይለኛል። ለአባዬ ስነግረው "አየሽ፣ ያለ እነሱም እናውቃለን" አለ።

ሐኪም ስላልሆንኩ ምን እንደሠራ በሳይንስ አላስረዳም። ያየሁትን ግን እናገራለሁ። ጠዋት ፀሐይ የነካውና እግሩ የደከመ ሰው ሌሊት ይተኛል፣ የተኛ ሰው ደግሞ ቁጥር ሲሰማ እንደ ትናንቱ አይደነግጥም። ደብተሩ ሰኔ ላይ ቆመ። "ተውኩት" እንኳ አላለም፣ አንድ ቀን ሳየው የልጄ የሒሳብ መለማመጃ ሆኗል።

ሐምሌ ላይ ከእነዚያ ከአምስቱ ሽማግሌዎች አንዱ አረፉ። በኮሮና አይደለም፣ ስኳር ነበረባቸው። ድንኳን የለ፣ እድሩ ሰው አይሰበስብ፣ ቀብር ላይ የቆመው በጣት የሚቆጠር ነው። የአርባ ዓመት ወዳጁን ለቅሶ መድረስ አለመቻል ለአባዬ ከበሽታው የከፋ ነበር። መጋረጃውን መልሶ ይዘጋል ብዬ ሰጋሁ። እሱ ግን የሟችን ልጅ ደውሎ ጠራው፣ "ነገ ጠዋት እንራመድ" አለው። ልጁ መጣ። ሽማግሌዎቹም መጡ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ተራርቀው። ከሽሮሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ሽቅብ ቀስ እያሉ ወጡት። እኔ ከኋላ ነበርኩ። መሃል ላይ ልጁ ቆሞ አለቀሰ፣ እነሱም ቆሙ፣ ማንም አላቀፈውም፣ ማቀፍ አይቻልማ። ከዚያ አንዱ ያንን የፎቶውን ሶምሶማ ነገር አነሳ፣ ለካ ለፎቶ የሚሮጡት ሟቹ ነበሩ። ልጁ እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ። እንደዚህ ሰባት ቀን ለቅሶ ደረሱ፣ በእግራቸው።

እና አሁን "እንቅስቃሴ ለአእምሮ ጤና" ሲባል ስሰማ እነዚያን ሽማግሌዎች ነው የማስበው። እግሩ ነው ወይስ ወሬው የረዳቸው? ለይቼ መናገር አልችልም። ለመለየትም አልፈልግም፣ ምክንያቱም ሜዳ ሲኖር ሁለቱም ባንድ ላይ ይገኛሉ።

በዚያው የእንጦጦ መንገድ ጠዋት ስንወጣ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙናል። ወገባቸው እስኪጎብጥ። አባዬ ሁልጊዜ መንገድ ይለቃል። ለእነሱ "ተንቀሳቀሱ፣ ለጭንቀት ጥሩ ነው" የሚል ምክር ቢነገራቸው ስቀው ያልፉናል፣ ልክ ናቸው። የሸክም ላብና የመዝናናት ላብ አንድ አይደለም። እኔም ብሆን ያን ዓመት ሁለት ልጅ ቤት ውስጥ እየጠበቅኩ፣ እየጠረግኩ፣ እያበሰልኩ እግሬ አላረፈም፣ ግን አንድም ቀን ቀለል አላለኝም። ቀለል ያለኝ ደጁን ወጥቼ ማንም "እማዬ" ሳይለኝ አርባ ደቂቃ ስሄድ ነው። ስለዚህ ባሎች ይህን ካነበባችሁ ልጆቹን ያዙላቸው፣ ሌላ ምክር አያስፈልግም።

ሁሉም ነገር በእግር ጉዞ ይድናል እያልኩም አይደለም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በዚያ ጊዜ ከአልጋ መነሳት አቅቷት ነበር። ሁላችንም "ውጪ፣ ዎክ አድርጊ፣ ይለቅሻል" አልናት። አልለቀቃትም። በኋላ ሐኪም ጋ ሄዳ መድኃኒት ጀመረች፣ ከወራት በኋላ ነው መራመድ የቻለችው። "እናንተ ምክር ስትሰጡኝ ጥፋቱ የኔ ስንፍና እየመሰለኝ የባሰ ታመምኩ" ብላኛለች። አፍሬያለሁ።

ወደ ጃንሜዳ ልመለስ። ጥር 2 ቀን 2013 ታላቁ ሩጫ ዘግይቶም ቢሆን፣ ተሳታፊው ተቀንሶና በየምድቡ ተከፋፍሎ ተካሄደ። ታናሽ እህቴ ሮጣለች፣ ያንን ቲሸርት እስካሁን አታወልቀውም። እኔን ያስገረመኝ ነገሩ መቻሉ ነው። ተራርቆ፣ ተራ በተራ፣ ጭምብል ተደርጎ መሮጥ ከተቻለ ሜዳ ላይ መራመድማ እንዴት ያቅታል? በዚያው ሰሞን ገበያው ከጃንሜዳ ተነስቶ ሜዳው ለጥምቀት ተጠርጎ ነበር። ገበያው ዛሬ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ነው፣ የራሱ ቦታ አለው። ደግ። ግን ያ ሁሉ ወር አለፈ፣ ለሽንኩርት ቦታ ሲፈለግ የሰው እግር ቦታ እንደሚያስፈልገው ትዝ ያለው አልነበረም። እንጦጦ ፓርክ በ2013 መጀመሪያ ተከፈተ፣ ቆንጆ ነው፣ ሄጃለሁ። ግን ያን ሽቅብ በየቀኑ የሚችለው ጉልበት ያለው ነው፣ አባዬ ዘንድሮ 74 ዓመቱ ነው። የሱ ሜዳ ከበሩ በእግር የሚደርስበት ሜዳ ነው።

እናንተ ጋዜጠኞች ናችሁ፣ ሚኒስትርም ከንቲባም ፊት ቀርባችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። አንድ ጥያቄ ጠይቁልን። የወረርሽኝ ዕቅድ ሲዘጋጅ ክፍት ሆኖ የሚቆይ ሜዳ በየወረዳው ተለይቷል ወይ? ሽማግሌዎች በስንት ሰዓት፣ ልጆች በስንት ሰዓት፣ ስንት ስንት ሰው ይግባ የሚል ነገር ተጽፏል ወይ? ለገበያ ጊዜያዊ ቦታ ከተፈለገስ የትኛው ነው፣ የትኛው አይነካም? መልሱን ካገኛችሁ አትሙልን፣ ባታገኙም ባዶውን አምድ አትሙልን።

አባዬ ይህን ስጽፍ ከኋላዬ ቆሞ አንብቦታል። ቋጣሪ ያልኩት አልተመቸውም፣ "ቆጣቢ በይው" ብሏል። አልቀየርኩትም። ነገ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጃንሜዳ ነው፣ አሁን አራት ሆነዋል፣ የሟች ልጅ አምስተኛ።

አንባቢያችሁ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን